«ገራሚ ነው» ብቻ አይበቃም
የአንባቢያን የፊልም ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ያየነውን ፊልም ለሌላ ሰው እንዴት እንንገረው? አምስቱን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። በቅርቡ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የተባለውን ፊልም አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «ገራሚ ፊልም ነው፣ እንዳያመልጣችሁ!» አልኳቸው። ሁለቱ 20 ደቂቃ አይተው ዘጉት። አንደኛው ጭራሽ «ሰዎች ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ለማየት ነው እንዴ እንዲህ የለፈለፍከው?» አለኝ። ከልቤ አዘንኩ። ምን ማለት ነበረብኝ? (ቅር ያለው ወንድም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅር ቢልህ አይፈረድብህም። የወደድነውን ፊልም ሰው ሲያጣጥለው እኛኑ ያጣጣለን ያህል ይሰማናል። ግን ባልደረቦችህም ላይ አልፈርድም። «ገራሚ ነው» ስትላቸው የሰሙት ያንተን ስሜት ነው። ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ነገር አልሰሙም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን «ገራሚ» ጠበቁ። አንዱ ተኩስ፣ ሌላው ፍቅር ጠብቆ ይሆናል። ያገኙት ግን ጠረጴዛና ወንበር ነው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ሳትደብቅ ንገራቸው። በ1957 የወጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። 96 ደቂቃ ይፈጃል። ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሁሉም ነገር የሚያልቀው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ለውሳኔ የመረጣቸው አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ተቀምጠው፣ አባቱን ገድሏል የተባለ ወጣት ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ጥፋተኛ ካሉት ይሞታል። በመጀመሪያው ድምፅ 11ዱ «ጥፋተኛ» ይላሉ። አንዱ ብቻ እምቢ ይላል። ይህን ሰምቶ «እኔ ወሬ የሚበዛበት ፊልም አይሆነኝም» የሚል ካለ ተወው። አንድ ምሽቱን አተረፍክለት።

ከዚያ አንድ ነገር አሳያቸው። አንድ ብቻ። እኔ ብሆን የምመርጠው ክፍሉን ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ ነው የሚቀርጸው። መሃል ላይ ከዓይናቸው ትክክል ያደርገዋል። ወደ መጨረሻው ከዓይናቸው ዝቅ ይላል። ሌንሱንም እየቀያየረ፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ እየተጠጋቸው የሚመጣ እንዲመስል ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ የማይታየው ጣሪያ መጨረሻ ላይ ጭንቅላታቸው ላይ የተደፋ ይመስላል። ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ይህን አላወቅኩም ነበር። ብቻ መሃል ላይ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ የገባኝ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው። ለባልደረቦችህ «ጣሪያው መታየት የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ያዙልኝ» በላቸው። እስኪ ያኔ በ20 ደቂቃ ይዘጉት እንደሆነ እናያለን።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም «ሮተን ቶሜቶስ» የተባለው የፊልም ሂስ ድረ ገጽ ላይ ከ100 ውስጥ 96 አግኝቷል ተብሎ አየሁት። እንቅልፍ ወሰደኝ። ፊልም የማይገባኝ ሰው ነኝ ማለት ነው? (ግራ የተጋባች)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ቁጥሩን ነው ብዙዎቻችን በስህተት የምናነበው። 96 ማለት ሂስ ከጻፉት መቶ ሰዎች 96ቱ በጎ ነገር ጻፉ ማለት ነው። ምን ያህል እንደወደዱት አይነግርሽም። ሁሉም «ደህና ነው፣ አይከፋም» ያሉት ፊልም 100 ሊያገኝ ይችላል። ግማሹ እንባውን ያፈሰሰበት፣ ግማሹ ደግሞ የጠላው ፊልም 50 ላይ ይቀራል። እዚያ ድረ ገጽ ላይ 60 ያልሞላ ፊልም «የበሰበሰ» ይባላል። ከበሰበሱት መሃል እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጡ አሉ።

ከቁጥር ይልቅ ሰው ፈልጊ። ምርጫው ከምርጫሽ ጋር እንዴት እንደሚሄድ የምታውቂው ሰው። የግድ መስማማት የለባችሁም። እኔ አንድ የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ «ደባሪ ነው» ያለችውን ፊልም አንድም ጊዜ ጠልቼ አላውቅም። እሷ «በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ምንም ነገር አይፈጠርም» ስትለኝ የዚያኑ ቀን አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፊልም ባየ ቁጥር ከነመጨረሻው ይተርክልኛል። ስቆጣው «ታዲያ ምኑን ልንገርሽ?» ይለኛል። የት ላይ ነው ማቆም ያለበት? (መጨረሻው የሰለቻት)

መልስ፦ ባለቤትሽ ክፋት የለበትም። ልቡ ሞልቶ ነው የሚፈሰው። ግን ልክ ነሽ፣ ድንበር ያስፈልጋል።

የ«ፓራሳይት» ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ ድንበሩን ራሱ አስምሯል። ፊልሙ በ2019 ካን በሚባለው የፈረንሳይ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ለጋዜጠኞች ማስታወሻ ጻፈላቸው። የድሆቹ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ ሀብታሞቹ ቤት ሥራ ከያዙ በኋላ የሚሆነውን እንዳይጽፉ ለመናቸው። አስቢው፤ ፊልሙ 132 ደቂቃ ነው፣ እንዲነገር የፈቀደው መግቢያውን ብቻ ነው። ፊልሙ ያኔ ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በ2020 ደግሞ ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ በምርጥ ፊልምነት ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። መግቢያው ብቻ ተነግሮለት ይህን ያህል ከተጓዘ፣ የባለቤትሽም ወሬ መግቢያው ላይ ቢቆም አይጎዳም።

ስለዚህ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደገጠማቸው ይንገርሽ። ነገሩ መልኩን የሚቀይርበት ቦታ ሲደርስ አፉን ይያዝ። ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ ያውራ። የት ላይ እንደደነገጠ፣ የትኛው ሙዚቃ ጆሮው ውስጥ እንደቀረ። ከመጀመሩ በፊትም «ልታይው ነው ወይስ ልንገርሽ?» ብሎ ይጠይቅሽ። አንዳንዱን ፊልም እኮ አንቺም አታይውም፤ እሱን ከነመጨረሻው ይተርክልሽ።

አንድ ነገር ግን ላንቺም ልንገርሽ። ካየሽው በኋላ ቁጭ ብለሽ አዋሪው። ይህ ሰው የሚያዋራው አጥቶ ይሆናል አስቀድሞ የሚተርከው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የልጅ ልጆቼ ፊልም ሲያዩ አብሬ እቀመጣለሁ። ሥዕሉ ይሮጣል። ከታች ያለው ጽሑፍም አንብቤ ሳልጨርሰው ይጠፋል። እነሱ ሲስቁ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። አብሬያቸው የምስቅበት፣ አብሬያቸው የማለቅስበት አንድ ፊልም ይኖራል? (አያት)

መልስ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ አለ። የቻርሊ ቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ» ይባላል። በ1931 የወጣ ነው። ያኔ ፊልም መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር። ቻፕሊን ግን እሱ የሚጫወተው ሰውዬ እንዲናገር አልፈለገም። ሙዚቃውን ራሱ ደረሰለት፣ ንግግሩን ተወው። በየመሃሉ የምትመጣው ጽሑፍ አጭር ናት፣ ረጋ ብላም ትቆያለች። እሷንም ካደጉት ልጆች አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ቤት የሌለው ድሃ፣ አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ልጅ ያገኛል። ልጅቷ ሀብታም ይመስላታል። እሱም እውነቱን ሊነግራት አንጀቱ አልችል ይለዋል።

የሚገናኙበትን ቦታ ልንገርዎ፤ መጀመሪያው ላይ ስለሆነ አላበላሽብዎትም። ቻፕሊን ይህችን አንዲት ትዕይንት ለማስተካከል ብዙ ተሰቃይቷል። ከ300 ጊዜ በላይ እንደቀረጻት ይነገራል። ያስቸገረው ነገር ይህ ነው፦ ማየት የማትችል ልጅ ድሃውን ሰው ሀብታም ነው ብላ እንዴት ታስበው? ለዚያውም ድምፅ በሌለው ፊልም! መላው በመጨረሻ መጣለት። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ሰውዬው ፖሊስ ያይና ይሸሻል። የቆመ የሀብታም መኪና በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ይወጣል። ልጅቷ የመኪናው በር ሲዘጋ ትሰማለች። እኛ አንሰማም፤ ፊቷ ላይ ነው የምናየው። «አበባ ይግዙ ጌታዬ» ትላለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመኪናው ባለቤት ገብቶ በሩን ይዘጋና ይሄዳል። ልጅቷ መልሱን ሳይቀበል የሄደ ይመስላታል። እሱ ግን እዚያው አጠገቧ ቆሟል። እንዳትሰማው በእግሩ ጣት እየተራመደ ፈንጠር ብሎ ይቀመጥና ያያታል።

እዚህ ላይ እንባዎ ሊመጣ ይችላል። ልክ ሲመጣ ልጅቷ የአበባ ዕቃዋን አጥባ ውሃውን ስትደፋ ፊቱ ላይ ትደፋበታለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እርስዎም ይስቃሉ፣ እንባዎን ሳይጠርጉ። የቦክስ ግጥሚያው ሲመጣ ደግሞ ትንሹ ልጅ ሆዱን ይዞ እንደሚንከባለል አልጠራጠርም።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። መጨረሻው ሲቃረብ ልጆቹ ስልካቸውን እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። የአያት ቃል ነውና ይሰሙዎታል። ያቺ የመጨረሻ ትዕይንት ሁለት ፊቶችና ጥቂት ቃላት ብቻ ናት። ከዚያ በላይ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ትመክሪናለሽ። አንቺስ በቅርቡ ምን አየሽ? ለማንስ ነገርሽ? (የዘወትር አንባቢ)

መልስ፦ «ዘ ፋዘር»ን። ሲወጣ አምልጦኝ ነበር። በ2020 የወጣ ነው። ፍሎሪያን ዜለር የራሱን ተውኔት ወደ ፊልም አምጥቶት ነው። አንቶኒ ሆፕኪንስ መርሳት የጀመረውን አዛውንት ሆኖ ይጫወታል። በዚህ ሥራው በ83 ዓመቱ ኦስካር አገኘ፤ በምርጥ መሪ ተዋናይነት በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ ከሱ በፊት አልነበረም። ገጸ ባሕሪውም ስሙ አንቶኒ ነው። የልደት ቀኑን ሲጠየቅ «ዲሴምበር 31 ቀን 1937» ይላል። የተዋናዩ የራሱ ልደት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ትዕይንት እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም።

ሌሎች የመርሳት በሽታ ፊልሞች በሽተኛውን ከውጭ ያሳዩናል። ይሄኛው ውስጡ ያስገባናል። ኮሪደሩ ያው ነው፣ ግን ዕቃው ተቀይሯል። ወጥ ቤቱ ቅድም ያየነው ወጥ ቤት አይመስልም። ልጁ ናት ያልናት ሴት በሌላ ተዋናይት ፊት ትመጣለች። ሰውዬው የእጅ ሰዓቱን ደጋግሞ ይፈልጋል፣ ተሰረቅኩ ይላል። እኔም «የት ነበርን?» እያልኩ ወደ ኋላ መለስ አደረግኩት። ያ ግራ መጋባት የሱ ነው።

ለማን ነገርሽ ላልከኝ ግን ያጠፋሁትን እነግርሃለሁ። አንዲት የቅርብ ጓደኛ አለችኝ። እናቷ መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። ፊልሙን በአንድ መስመር መልእክት ላክሁላት፦ «ይህን እዪ፣ ገራሚ ነው።» ስለ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ማታ፣ ብቻዋን፣ እናቷን አስተኝታ አየችው። ሁለት ሳምንት አልደወለችልኝም።

ስትደውል ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «እናቴ ‹ይህ ቤቴ አይደለም› ስትል እስከ ዛሬ እከራከራት ነበር። ‹እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው› እያልኩ። አሁን መከራከር ተውኩ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «ግን ብቻዬን እንዳየው ማድረግ አልነበረብሽም» አለች። እውነቷን ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ፊልሙን ጨርሳው አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሲቀሩ ዘግታዋለች። የቀረውን አብረን ልናየው ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። እሷ ናት የጠየቀችኝ። ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ እንድነግራትም ፈልጋለች፣ አንድም ሳላስቀር። ነግሬያታለሁ።