በሌዘር በተዶፐ የፀሐይ ሴል ላይ ኒኬልና መዳብ መለበጥ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሌዘር በተዶፑ (ማለትም ፎስፎረስ በሌዘር በተከተተባቸው) የሲሊከን የፀሐይ ሴሎች ላይ ኒኬልና መዳብ ስለብጥ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ያለ ጓንት፣ ያለ ፊት መከላከያና ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (አሲዱ ቆዳ ከነካ የሚቀባው) አትንኩት።

ሚኪ፦ መምህር፣ ሌዘሩ ምንድን ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ሴሉን ፎስፎሪክ አሲድ እንቀባዋለን። 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር መስመር እየሠራ ሲሄድ የሴሉን የፊት ሽፋን፣ ሲሊከን ናይትራይዱን፣ ይገፍፈዋል፣ ከሥሩ ያለውን ሲሊከን ያቀልጠዋል። ፎስፎረሱ ይገባና ሲረጋ እዚያው ይቀራል። ኒኬሉና መዳቡም በተከፈተው መስመር ላይ ብቻ ያድጋሉ። ሲድኒ ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ እነ ማርቲን ግሪንና ስቱዋርት ዌንሃም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሌዘር ቦይ ቆፍረው ብረቱን የሚቀብሩበት ሴል ሠርተው ነበር። ይሄኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ሰብለ፦ የኔ ይላጣል። መዳቡ ከነኒኬሉ እንደ ወረቀት ይነሳል። መዳቡን ሦስቴ ቀየርኩት።

መልስ፦ ሰብለ፣ መዳቡን ተይው። ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከኒኬሉ ሥር ነው። የተላጠውን ገልብጠሽ እዪ። ሥሩ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ኒኬሉ ሲሊከኑን አልያዘውም።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ኦክሳይድ ነው። ሴሉን ቀጭን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ነክረሽ ስታወጪው ውሃው ከመስመሩ ላይ መንሸራተት አለበት። ውሃው ከተጣበቀ ኦክሳይዱ አለ። ከዚያ አጥበሽ ቀጥታ ወደ ኒኬሉ፤ ስልክ አታንሺ፣ ሻይ አትጠጪ፣ ኦክሳይዱ መልሶ ያድጋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኒኬሉ ስስ ይሁን፣ ከአንድ ማይክሮን በታች። ከዚያ ናይትሮጅን ውስጥ ከ350 እስከ 400 ዲግሪ። እዚያ ነው ኒኬልና ሲሊከን ተዋህደው ሲሊሳይድ የሚሆኑት፣ የሚይዘውም እሱ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ግን ኒኬሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሴሉን ሾርት ያደርገዋል። ከምድጃ ሲወጣም የኒኬሉን ገጽ ለአጭር ጊዜ አሲድ አስነክተሽ ነው መዳብ የምትጨምሪበት።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲዱን ደግሞ በብርጭቆ አታድርጊ፣ ይበላዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጓንቷ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። ያን ቀን ምንም አላመማትም። ጣቷ መጠዝጠዝ የጀመረው ሌሊት ነው።

ዳዊት፦ ስንለብጥ ሴሉ ላይ የምናበራው መብራትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሴሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ። ብርሃን ሲያርፍበት የፊቱ ገጽ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የብረቱ አዮኖች (ፖዘቲቭ የሆኑ ቅንጣቶቹ) እዚያ ሄደው ያርፋሉ። ዝም ካልከው ግን የጀርባው አልሙኒየም ይሟሟል። ስለዚህ ከውጭ ትንሽ ቮልቴጅ ስጠው።

ያሬድ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የብር (የማዕድኑ) ቅባት በስክሪን ማተም ነው እንጂ። የቻይናው የፀሐይ ፓነል ኩባንያ ሱንቴክ እንዲህ ያለውን ሴል ፕሉቶ ብሎ ሞክሮ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከሰረ።

ሐና፦ ኪሳራውን ከልባጥ ጋር ምን አገናኘው? የፓነል ዋጋ ወድቆ ነው፣ ዕዳም ነበረበት። ብር ስንት እንደሚሸጥ ታውቃለህ?

ያሬድ፦ መዳቡም ሲሊከን ውስጥ ከገባ ሴሉን ይገድለዋል።

ሐና፦ ለዚህ አይደል ኒኬሉ መሃል የሚገባው!

መልስ፦ ሐና ልክ ናት፣ ያሬድም ፍርሃቱ ልክ ነው። ኒኬሉ አጥር ነው፣ አጥሩ ከተቦደሰ መዳቡ ይገባል። የኩባንያ ወሬ ግን ሌላ ቦታ።

ብሩክ፦ የኔ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ኒኬሉ አልያዘም? ተላጠ? ቮልቴጁ ወረደ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ብሩክ፦ ይላጣል።

መልስ፦ ለሰብለ የጻፍኩትን ከላይ አንብብ።

ቃልኪዳን፦ ከመስመሩ ውጭ የመዳብ ነጠብጣብ አለብኝ።

መልስ፦ ናይትራይዱ ተጭሯል ወይም ቀዳዳ አለው። ሴሉን በጠርዙ ብቻ ያዢው።

ሙሉ፦ በአሲዱ ፈንታ ኮምጣጤ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ ኦክሳይዱን አያነሳውም። አሲዱን የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ጓንት፣ ፊት መከላከያ፣ ጄል።

ታደሰ፦ ለቤቴ ስንት ፓነል ይበቃኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እሱን የሚገጥሙትን ይጠይቁ።

ሰብለ፦ ገልብጬ አየሁት። እንዳልከው ነው፣ ያብለጨልጫል። ምድጃዬም ለካ 250 ላይ ነበር።

መልስ፦ በይ 375 ላይ አድርጊውና መዳቡን ከጨመርሽ በኋላ ቴፕ ለጥፈሽ በአንዴ ሳቢው። ቴፑ ላይ የቀረውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።