የብሳና ቅጠልና የ18 ሚሊ ሜትሩ ክብ

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በእግር ጣታቸው ላይ የወጣ ቁስል አልሽር ብሎ ከጤና ጣቢያ የታዘዘላቸውን አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ነው። ጎረቤቶቻችን ብሳና ለቁስል ፍቱን ነው ስላሉን፣ ፋርማሲ የምታጠናው የእህቴ ልጅ ደርቆ የሚሸጠውን ቅጠል ከመርካቶ ገዝታ፣ ሜታኖል በተባለ አልኮል ዘፍዝፋና አጣርታ በትምህርት ቤቷ ላብራቶሪ ሞከረችው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ የቅጠሉ ዲስክ (ብጥብጡ የተንጠባጠበበት ትንሽ ክብ ወረቀት) 18 ሚሊ ሜትር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ያለበት ዲስክ ደግሞ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ አሳዩ። በቅጠሉ ዲስክ ላይ ያንጠባጠበችው፣ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ካለው ብጥብጥ 10 ማይክሮ ሊትር ነው። የቅጠሉ ኃይል የክኒኑን ሁለት ሦስተኛ ያህላል ማለት ነው? ክኒኑን ትተን በቅጠሉ ብንቀጥልስ?
አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ እባክዎ የእናትዎን አንቲባዮቲክ አያስቁሙ። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ቁስሉ እየባሰ ሳለ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል፤ የደም ዝውውሩም ስለሚቀንስ ኢንፌክሽኑ ሳይታወቅ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ጣቱ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነገ ሳይሉ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሷቸው። ደርቆ፣ በጆንያ ተጭኖ፣ በብዙ እጅ አልፎ የመጣ ቅጠል በተከፈተ ቁስል ላይ ሲደረግ ደግሞ ከአፈር የመጣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። የእህትዎ ልጅ መጠኑን በትክክል መዝግባ ማቆየቷ የሚያስመሰግናት ነው፤ መልሱም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ከብጥብጡ 10 ማይክሮ ሊትር ማለት 1 ሚሊ ግራም፣ በሌላ አነጋገር 1000 ማይክሮ ግራም የቅጠል ይዘት ነው። በመደበኛው የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ ላይ ያለው ግን 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 18ቱን ሚሊ ሜትር ለማግኘት ቅጠሉ ከመድኃኒቱ 200 እጥፍ በሆነ ክብደት ቀርቧል። ከ18ቱም ውስጥ 6ቱ ሚሊ ሜትር የወረቀቱ የራሱ ስፋት ስለሆነ፣ ባክቴሪያው የተገታው በ12ቱ ውስጥ ነው።

ከዚህም በላይ የክቡ ስፋት የሚለካው የመግደል ኃይልን ብቻ አይደለም። አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚዘራበት ጄሊ መሰል ምግብ፣ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ የሚወድ ጥቃቅን ሞለኪውል በውስጡ ፈጥኖ ሲሰራጭ፣ ዘይታማ ወይም ግዙፍ የሆነው ግን ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ከዲስኩ እምብዛም ሳይርቅ ይቀራል። በዚህ ምክንያት እንደ ጦስኝ ዘይት ያለው ነገር በሳህን ላይ ከእውነተኛ ኃይሉ ያነሰ ሊመስል ይችላል። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ የተዘራው ባክቴሪያ በ0.5 ማክፋርላንድ ልክ፣ ማለትም በሚሊ ሊትር ወደ 150 ሚሊዮን ገደማ መሆኑም ውጤቱን ይወስናል፤ ባክቴሪያው ሲሳሳ ክቡ ያላግባብ ይሰፋል።

የእህትዎን ልጅ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ቅጠል የሌለበት፣ ሜታኖል ብቻ ጠጥቶ የደረቀ ዲስክ በዚያው ሳህን ላይ አስቀምጣ ነበር? ሜታኖል ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ከወረቀቱ ላይ ተንኖ ካላለቀ፣ ለብሳና የተሰጠው ክብር የማሟሟቻው ሊሆን ይችላል። ይህን ማነጻጸሪያ ያላካተተ ሙከራ ስለ ቅጠሉ አንዳችም ነገር አያስረዳም ብዬ አምናለሁ።

ለሚያስተማምን ውጤት የሚቀጥለው ሥራ የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን ማግኘት ነው። ለዚህም 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሰሌዳ ይዘጋጃል። በመጀመሪያው ጉድጓድ 1000 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ይጨመርና በየቀጣዩ በግማሽ እየቀነሰ 500፣ 250፣ 125፣ 62.5 እያለ ይወርዳል። ለሁሉም እኩል ባክቴሪያ ተጨምሮ ሌሊቱን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድራል። የቅጠል ብጥብጥ ራሱ አረንጓዴና ደፍራሳ በመሆኑ ባክቴሪያው ይደግ አይደግ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ጠዋት ሬሳዙሪን የተባለ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ሕያው ባክቴሪያ ባለበት ጉድጓድ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ዕድገቱ በተገታበት ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ሰማያዊ ሆኖ የቀረው የመጨረሻው ጉድጓድ የሚፈለገውን ቁጥር ይሰጣል። ከሰማያዊዎቹ ጉድጓዶች ጠብታ ተወስዶ በንጹሕ አጋር ላይ ሲዘራ ደግሞ ባክቴሪያው መሞቱ ወይም ለጊዜው መገታቱ ይለያል። በዘርፉ ብዙ ተመራማሪዎች ከ100 ማይክሮ ግራም በታች የሚሠራን የዕፅዋት ይዘት ተስፋ ሰጪ ይሉታል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ለስታፊሎኮከስ መደበኛ የላብራቶሪ ዝርያ ከ1 ማይክሮ ግራም በታች ይበቃዋል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ የሰውን ሴል መጉዳት አለመጉዳቱ ገና አልታወቀም። እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመዋጋት አዲስ መንገድ ከፈቱ። እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ግን የሴልን ሽፋን የሚያፈርስ ስለሆነ ቀይ የደም ሴልንም ያፈርሳል፤ ዓሣንም ይገድላል። በሳህን ላይ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ በረኪናም ይገድላል።

የእህትዎ ልጅ ልትቀጥልበት ከፈለገች፣ አበባ ወይም ፍሬ ያለው የብሳና ቅርንጫፍ ይዛ እዚሁ ሰፈርዎ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ታስለይ። የደረቀና የተፈረፈረ ቅጠል ክሮቶን ማክሮስታኪየስ (የብሳና ሳይንሳዊ ስም) መሆኑን በእርግጠኝነት የሚነግራት የለም፤ ያልታወቀ ቅጠል ውጤት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ነጭ ሽንኩርትን ሳልደቁስ በውኃ አፍልቼ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ብሞክረው ምንም ክብ አላሳየም። አያቶቻችን ተሳስተው ነበር ማለት ነው?
ተማሪ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ዋና ፀረ-ባክቴሪያ አሊሲን በሙሉው ሽንኩርት ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም አሊን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ሳይደቆስ ሲፈላ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይሞታል። ደቁሰው 10 ደቂቃ ያህል አቆይተው፣ ሳያሞቁ አጣርተው በዚያው ቀን ይሞክሩት፤ አሊሲን ብዙ አይቆይም። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮም የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ከዕፅዋቱ ያገኙት፣ ሙቀት እንደሚያበላሸው ጠርጥረው እ.ኤ.አ. በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ማሟሟቻ በማውጣት ነበር፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ያገኙትን ባዶ ሳህን ከጽሑፍዎ አይሰርዙት። ሆኖም «ነጭ ሽንኩርት በኢ. ኮላይ ላይ አይሠራም» ብለው አይጻፉ፤ «ሳይደቆስ በፈላ ውኃ የተዘጋጀው በዚህ መጠን ዕድገት አልገታም» ይበሉና መጠኑን፣ የፈላበትን ደቂቃና የባክቴሪያውን ዝርያ አብረው ያስፍሩ።