ከአረጋውያን ወደ ልጆች መዞር፦ እኔ ያየሁት

ሰላም እህቴ። ለዓመታት ከአረጋውያን ጋር የንግግር ሕክምና ስትሠሪ ቆይተሽ አሁን ወደ ልጆች መዞር እንዳማረሽ አነበብኩ። «ልምዴ ሁሉ ከንቱ ይቀራል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔም 9 ዓመት ስትሮክ ከመታቸውና ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴንና ንግግርን የሚያውክ የነርቭ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች ጋር ሠርቼ ነው ወደ ልጆች የመጣሁት። ከንቱ አይቀርም። የምትረሺው ነገር ግን አለ።

የመጀመሪያ ሳምንቴን ልንገርሽ። የ3 ዓመት ልጅ መጣልኝ። እንደለመድኩት የሥዕል ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ጠረጴዛው ሥር ገባ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ እኔም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አንዲት መጫወቻ መኪና ይዤ ዝም አልኩ። እጁን ዘረጋ። መኪናዋን ያዝ አድርጌ ጠበቅኩት። ቆይቶ «ሂጂ!» አላት። የዚያን ቀን ብቸኛ ቃሉ እሷ ነበረች።

ስትሮክ የመታው ሰው ብዙውን ጊዜ የጠፋበትን ያውቃል። ቃሉን መልሶ ይፈልገዋል፣ ስለዚህ አሰልቺ ልምምድም ቢሆን ይታገሥሻል። ልጅ ግን ለምን እንደመጣ አያውቅም። ምክንያቱ ጨዋታው ውስጥ መኖር አለበት። መምራት ለለመደ ሰው፣ ልጁን ተከትሎ መሄድ በጣም ይከብዳል። እኔን ወራት ፈጅቶብኛል።

መጠበቁን ግን ታውቂበታለሽ። ቃል የጠፋበት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠሽ፣ አፍሽ ላይ የመጣውን ቃል ውጠሽ ስንት ጊዜ ጠብቀሻል? ከልጅ ጋርም ያው ነው። ብዙ ሰው 2 ሰከንድ ሳይሞላ ለልጁ ይመልስለታል። አንቺ 10 ሰከንድ ዝም ማለት ትችያለሽ።

አዲስ የምታጠኚው የልጅ እድገትን ነው። አብዛኞቹ ልጆች 1 ዓመት አካባቢ የመጀመሪያ ቃላቸውን ያወጣሉ፣ 2 ዓመት ሲሞላቸው ቢያንስ 50 ቃል ይደርሱና ሁለት ቃል ማጣመር ይጀምራሉ። የ3 ዓመት ልጅ «ር»ን «ል» ቢላት ገና ጊዜ አለው። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ይህን እንዳትዘነጊው።

ወላጆች ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጁን በሳምንት 45 ደቂቃ ብታገኚው ነው። የቀረው ጊዜ የእነሱ ነው። ስለዚህ ከልጁ እኩል እነሱን ታሠለጥኛለሽ፦ «ኳስ» ሲላቸው «ትልቅ ኳስ!» እንዲሉት፣ ጥያቄ እንዳያበዙበት። ንግግር ላልመጣለት ልጅ ሥዕል እየጠቆመ የሚግባባበት ሰሌዳ ስትሰጪ «ያሰንፈዋል» ይሉሻል። አያሰንፈውም። እንዲያውም ብዙ ልጆችን ወደ ንግግር ያግዛቸዋል። እናትየው ደግሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብላ ስታለቅስ አትደናገጪም፤ ከሕመምተኛ ቤተሰብ ጋር ብዙ ተቀምጠሻልና።

ሥራሽን በአንዴ አትልቀቂ። እኔ ለ6 ወር በሳምንት አንድ ቀን ከልጆች ጋር፣ ልምድ ያላት ባለሙያ እያየችኝ ሠራሁ። የመዋጥ ችግርም የእኛ ሥራ ነው፤ ይህ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ግን፣ በአዋቂዎች መዋጥ የቱንም ያህል ብትካኚ፣ ብቻሽን አትጀምሪ። ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አብሮ ማስኬድ አለበት፤ ራሱን የቻለ ሥልጠና ይፈልጋል። የሚመጣልሽ የመጀመሪያ ልጅ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ስታውቂ ጻፊልኝ፣ ምን ይዘሽ እንደምትገቢ አብረን እናያለን።