እጃችሁ ሲሰነጠቅ ዝም አትበሉ

"ጋሼ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮሉን ትቼ በሳሙና ብቻ ብታጠብ አይሻለኝም?" ብላ የጠየቀችኝ ዘንድሮ በነርስነት ሥራ የጀመረች በጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለች የጎረቤቴ ልጅ ናት። የጣቶቿ መሀል ቀልቷል፣ መጋጠሚያዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። አይሻልሽም አልኳት። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኝ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) አብራኝ የሠራች አንዲት ሲስተር ነበረች። ሆስፒታሉን አልጠራም። ውሃ በጀሪካን እየተቀዳ ነበር የምንሠራው፤ ሳሙና ሲያልቅ በኦሞ፣ ኦሞ ሲያልቅ በረኪና በተበጠበጠበት ባልዲ። የጎንደርን የውሃ ችግር የምታውቁት ነው። እጇ ችፌ ሆኖ ይደማ ነበር፣ ሆኖም እንደሷ በሽተኛ በእጁ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን ከደምቢያ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላት አትመስልም። ራሷን ያማታል፣ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ቀደም ሲል ሁልጊዜ በግራ ክንዷ ስለተለካች "ግፊትሽ ደህና ነው" እየተባለች ትመለስ ነበር። እኛ ዘንድ በቀኝ ስትለካ ላይኛው ከ200 በላይ ሆነ። መሣሪያው ተበላሽቷል ያለም ነበር። ሲስተር ግን ጓንቷን አወለቀችና ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን እኩል ያዘች፤ ዝም ብላ ቆየችና "የግራው ትርታ የለም ማለት ይቻላል" አለች። ከዚያ ማዳመጫውን ከእምብርቷ ከፍ አድርጋ ሆዷ ላይ አስቀመጠች። ልብ በመታ ቁጥር "ሹሽ" የሚል ድምፅ ነበር። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ለዶክተሩ ነገረችው፣ አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ አንደኛው ኩላሊት ከሌላው በግልጽ አንሶ ተገኘ። ታካያሱ የሚባለው የትላልቅ ደም ስሮች ብግነት ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሴቶችን ነው የሚይዘው። የግራ ክንዷንም የኩላሊቷንም ደም ስር አጥብቦታል። ደም ያነሰው ኩላሊት መላ ሰውነቱ ደም ያጠረው ይመስለውና ሬኒን የሚባል ግፊት የሚያስነሳ ንጥረ ነገር ይለቃል፣ ግፊቱም ይወጣል። ጎልድብላት የተባለ ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. የውሾችን የኩላሊት ደም ስር አጥብቦ ያሳየው ይህንኑ ነው። ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት።

ሲስተርስ? እጇ እየባሰ ሲሄድ ቅባት ጠየቀች፣ ቅንጦት ነው ተባለች። በመጨረሻ ካርድ ክፍል መደቧት። ያ እጅ ካርድ ሲያገላብጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሚገርመው የቀዶ ሕክምና የላስቲክ ጓንት ነገር የተጀመረው የነርስ እጅ ለማዳን ነው። ባልቲሞር ውስጥ ሐኪሙ ሃልስቴድ ከ1889 ወደ 1890 እ.ኤ.አ. በተሻገረው የብርድ ወቅት፣ አብራው የምትሠራው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇ ሜርኩሪ ክሎራይድ በሚባል ጀርም መግደያ ስለተላጠ ለሷ ብሎ ጉድይር የተባለውን የጎማ ኩባንያ ጓንት አሠራ። 

እጅ መታጠብ እንዳለባችሁ አልነግራችሁም። የማይነገራችሁን ልንገራችሁ። አልኮል የሚያቃጥለው ቆዳው ቀድሞ ስለተሰነጠቀ ነው። ግሊሰሪን የተቀላቀለበት አልኮል ከሳሙናና ውሃ ያነሰ ያደርቃል። ሳሙናን እጃችሁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ሲነካው፣ ሽንት ቤት ስትወጡና አልኮል የማይገድለው ጀርም ያመጣው ተቅማጥ ሲኖር ተጠቀሙ፤ ሁለቱን አታከታትሉ። ውሃው ትኩስ አይሁን፣ እጃችሁን ሳትፈትጉ አድርቁ፣ ጓንት በእርጥብ እጅ አታጥልቁ። ቀለበት አውልቁ፣ ከሥሩ ሳሙና ይቀራል። ማታ ተራ ቫዝሊን ይበቃል። በረኪና ለዕቃ ነው።

የዛሬ ልጆች አንድ ጓንት አጥልቃችሁ ከአልጋ አልጋ ትዞራላችሁ፣ ስልክም በሱው ትነካላችሁ፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። በሽተኛ በጓንት እየነካችሁ ትርታ እንዴት ታውቃላችሁ? ደም ወይም ፈሳሽ ከሌለ፣ የሚተላለፍ ነገር ካልተጠረጠረና እጃችሁ ካልቆሰለ በባዶ እጅ ንኩ። ደግሞ ልመስክርላችሁ፣ እኛ ያልደፈርነውን ጥያቄ ትጠይቃላችሁ። ያቺ ልጅ ባትጠይቀኝ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ወጣት ሆኖ ግፊቱ ድንገት የወጣ፣ ሽንት የሚያበዛውን ጨምሮ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ያለ፣ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ጀምሮ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው) ያሻቀበ ሰው ሲገጥማችሁ ኩላሊቱን ጠርጥሩ። ሽንቱን ለፕሮቲንና ለደም አስመርምሩ፣ ግፊቱን በሁለቱም ክንድ ለኩና ከፍ ያለውን እመኑ፣ ሆዱን አዳምጡ።

የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ ጀርም ይይዛል፣ ለበሽተኛውም አይበጅም። በሁለት ሳምንት ካልዳነ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጓንት እንዳጠለቃችሁ ወዲያው የሚያሳክካችሁ ወይም ደረታችሁ የሚያፍን ከሆነ ግን ቀን አትቁጠሩ፣ የላቴክስ (የጓንቱ ጎማ) አለርጂ ሊሆን ይችላልና ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ላቴክስ የሌለበት ናይትራይል ጓንት ጠይቁ።