በስልክ «ወንድሜ» ለምትባል እህት

«በስልክ ሳወራ ሁሉም ‹ወንድሜ› ይሉኛል፤ ድምፄን ላቅጥነው ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔም በደንበኞች ስልክ ተቀባይነት 9 ዓመት ስሠራ «ጌታዬ» ያልተባልኩበት ቀን አልነበረም። እባክሽ አታቅጥኚው።

እኔ ሞክሬዋለሁ። አለቃዬ «ለስለስ አድርጊው» ስላለኝ ለወራት ድምፄን ወደ ላይ እየሳብኩ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ ማታ ቤቴ ስገባ ድምፄ ሰልሎ ልጆቼን እንኳ መጣራት ያቅተኛል። ደዋዮቹ ግን «ወንድሜ» ማለታቸውን አልተዉም።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ የድምፅ ሕክምና ባለሙያ ናት። የድምፅ አውታሮች በንግግር ጊዜ በወንድ በአማካይ በሴኮንድ 120 ጊዜ ገደማ፣ በሴት 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። የእኔ ሲለካ 160 ሆነ፤ መሀል ላይ ነው። ነገር ግን ጆሮ የሚያዳምጠው ይህንን ብቻ አይደለም። ከድምፅ አውታሮቹ እስከ ከንፈር ያለው ክፍት ቦታ በአዋቂ ወንድ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን በሴት ከ14 እስከ 15 ነው። በገናና ክራር አንድ ዓይነት ቅኝት ላይ ቢመቱ እንኳ የቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው እንለያለን፤ የሚለያቸው ገላቸው ነውና። እኔ አውታሩን ብቻ እየወጠርኩ ነበር።

የንግግር ዜማም አለበት። እኔ ቃላቱን በአንድ ደረጃ እየደረደርኩ መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርጌ እዘጋለሁ፤ ይህንን ብዙ ሰው ከወንድ አነጋገር ይቆጥረዋል። ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ወንዶች ልጆችን ከሴቶቹ ብዙ ጊዜ የምንለያቸው በከፊል ከአነጋገር ልማዳቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያስጨነቀን ቋንቋችን ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ደዋይ ጾታሽን ሳይወስን ጉዳዩን ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። በአማርኛ «እንደምን ዋልክ» ወይስ «እንደምን ዋልሽ» የሚለውን ገና በሰላምታው መምረጥ አለበት፤ «እርስዎ» ካላለ በቀር ማምለጫ የለውም። እኛ ደግሞ ስለ ራሳችን ስንናገር «ሠራሁ»፣ «መጣሁ» ስለምንል ፍንጭ አንሰጠውም። ስለዚህ ምስኪኑ በአንዲት «ሃሎ» ብቻ ይፈርዳል።

እኔን የጠቀመኝ ያችን «ሃሎ» መተው ነው። ስልኩን እንዳነሳሁ ስሜን አስቀድሜ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቸኩል መናገር ጀመርኩ፤ ስህተቱ በጣም ቀነሰ። ስምሽ እንደ ደስታ ለሁለቱም ጾታ የሚወጣ ከሆነ «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» ጨምሪበት። ዜማውን መለማመድ ከፈለግሽም ከባለሙያ ጋር ይሁን፤ ብቻሽን ጉሮሮሽን አታስጨንቂ።

አንድ ነገር ግን ንገሪን፦ ድምፅሽ ከድሮም እንዲህ ነው ወይስ በቅርቡ ነው የጎረነነው? በቅርቡ ከሆነና ሦስት ሳምንት ካለፈው የጉሮሮ ሐኪም ይይሽ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከምም ድምፅን ያጎረንናል።