መልስ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ላለባቸው ለአባቴ መጀመሪያ ጨረር፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው አይሻልም ወይ?

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ በደንብ ይገባኛል። ዕጢውን በጨረር አሳንሶ ከዚያ ማውጣት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ለአንዳንድ ካንሰሮችም የተለመደ ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር ግን መደበኛው አካሄድ ይህ አይደለም። ካንሰሩ ካልተሰራጨ ብዙውን ጊዜ ወይ ቀዶ ሕክምና ወይ ጨረር ይመረጣል፤ ጨረር ከሆነ እንደ ካንሰሩ ክብደት የሆርሞን ሕክምና ይታከልበታል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጨረር ያረፈበት ሥጋ ጠባሳ ይይዛል፣ ከአጠገቡ ካለው የአንጀት ጫፍ ጋርም ሊጣበቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጣም ከባድ ነው፣ ሽንት መቆጣጠር ማቃትም በብዛት ያጋጥማል። አይደረግም ማለቴ አይደለም። የሚደረገው ግን ከጨረር በኋላ ካንሰሩ እዚያው ሲመለስ ነው፣ ያውም ለተወሰኑ ሰዎች፣ ልምድ ባለው ሐኪም እጅ።

መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ፣ በኋላ በደም ምርመራ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ ፕሮቲን) 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ደርሶ መጨመሩን ከቀጠለ ጨረር መስጠት ግን የታወቀ መንገድ ነው።

አባትህ ከመወሰናቸው በፊት ቀዶ ሐኪሙንም የጨረር ሐኪሙንም ያነጋግሩ። «ይሄኛው ባይሳካ ቀጥሎ ምን ይቀረናል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እባክህ ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።