«አባቱ ‹ሆን ብሎ ነው› ይላል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የ10 ዓመት ልጄ ሲናገር ይንተባተባል። መምህሩ ሲጠይቁት የክፍሉ ልጆች የተያዘበትን ፊደል እየደጋገሙ ይስቁበታል፤ ወደ ቤት ሲመለስም በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ጠብቀው «ስምህን ተናገርና እለፍ» ይሉታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ አነጋገሩን እየቀዳ ይቀልድበታል። አባቱም በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር ምላሱ እንደማይያዝ ስላየ «ሆን ብሎ ነው» እያለ ይቆጣዋል፤ አንዳንዴም ይመታዋል። አሁን «ሆዴን አመመኝ» እያለ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከአባቱ ልጀምር፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነውና። የሚንተባተብ ሰው ሲዘምር ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብ ብዙ ጊዜ ቃሉ ሳይቋረጥ ይወጣለታል፤ ብቻውን ለመናገር ሲነሣ ግን ያው ቃል ይያዝበታል። ይህ የመንተባተብ የታወቀ ጠባይ እንጂ የልጁ ተንኮል አይደለም። መንተባተብ የአእምሮ ማነስ ወይም የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣውም፤ በዘር የሚወርድበት ጊዜም ብዙ ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል፣ አብሯቸው የሚቆየው ግን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ቁጣና ዱላ ልጁ አፉን ለመክፈት የበለጠ እንዲፈራ ከማድረግ በቀር የሚፈቱለት ነገር የለም፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ዱላውን ዛሬውኑ እንዲተዉ አጥብቄ እለምናለሁ።

በቤት ውስጥ «ቀስ በል»፣ «ትንፋሽ ውሰድ» አትበሉት፤ የጀመረውንም ቃል አትጨርሱለት። ፊቱን እያያችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት። ታላቅ ወንድሙን ለብቻው ጠርተው፣ ታናሹ በክፍል ውስጥ የሚሰማውን ሳቅ ቤት ሲገባ ከእርሱ አፍ እንደገና እንደሚሰማ ይንገሩት። ልጅዎ የሰንበት ተማሪ ነውና የሙሴን ታሪክ ሳያውቀው አይቀርም፤ አፉ ኮልታፋ መሆኑን ሲናገር እግዚአብሔር ታላቅ ወንድሙን አሮንን አጠገቡ አቆመለት። ይህን ከአባቱ አፍ ቢሰሙት ለሁለቱም ልጆች መልካም ነው። ታላቁም ለጠብ ሳይሆን አብሮት ለመሄድ ብቻ በሐይቁ ዳር መንገድ ይመልሰው።

የሆድ ሕመሙን ውሸት ነው አትበሉ፤ ፍርሃት የሕፃን ሆድ በእውነት ያሳምማል። ሆኖም ቤት መዋልን መሸሸጊያ እንዳያደርገው፣ ነገ ጠዋት ራስዎ ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ሄደው የሆነውን ከነቀኑና ከነቦታው ይንገሩ። ልጁን ጨርሶ ከመጠየቅ እንዳይተዉት፣ ይልቁንም ለጊዜው ከአጠገቡ ከሚቀመጥ ልጅ ጋር በአንድ ድምፅ እንዲያነብ እንዲያደርጉት ይጠይቋቸው። መፍትሔ ካጡ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ይሂዱ። የሚያሾፉት ልጆች እንዲገረፉ ግን አይጠይቁ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፣ የተገረፈ ልጅም ቂሙን ይዞ እዚያው መንገድ ላይ ይጠብቃል።

ለዚያ መንገድ አንድ መልስ አብራችሁ ተለማመዱ፤ «አዎ፣ እንተባተባለሁ» ብሎ ሳይቆም ይለፍ። ቃሉ ቢያዝበትም ይያዝ፤ የሚደብቀው ነገር ከሌለ የሚያስገድዱት ነገር ያጣሉ።